ጡንቻ ያለ ሥጋ፤ ሰንጋውስ እንዴት ይታረዳል?

በዩኒቨርሲቲያችን ግቢ ብረት ማንሣት የብዙ ወጣቶች ልማድ ከሆነ ሰንብቷል። ከመኝታ ቤቶቹ ጀርባ፥ በጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ አድርቆ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ያበጀውን ክብደት የሚያነሣው ተማሪና ወርኀዊ ክፍያ ከፍሎ ከተማ ወዳለው ጂም የሚመላለሰው ተማሪ፥ ሁለቱም የሚሰሙት ምክር አንድ ነው፤ «ሥጋ ብላ» ይባላሉ። ቁርጥ ያላዘወተረ፥ ክትፎ ያልቀመሰ ሰው ደረቱ አይሰፋም፥ ክንዱም አይወፍርም የሚለው አሳብ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይኖራል። ዐቢይ ጾም በገባ ቍጥርም አንዳንዱ ጓደኛችን «ሽሮ እየበሉ ብረት ማንሣት የራስን ሰውነት መብላት ነው፤ እስከ ፋሲካ ልምምዱን አቆማለሁ» ሲል እንሰማዋለን።

እኛም ብረት ከሚያነሡት ወገን ነን። ሥጋ መብላት ከተውን ግን ዓመት አልፎናል። ይህን የሚያውቁ ጓደኞቻችን ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ያቀርቡልናል። አንደኛው «ታዲያ ጡንቻው ከየት ይመጣል?» የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው «ለምን ተዋችሁት?» የሚል ነው። ሁለቱ በአንድነት ስለሚነሡ መልሳቸውም ይደባለቃል። ስለ እርዱ ስንናገር ስለ ጕልበት ይመልሱልናል፤ ስለ ጕልበት ስናስረዳ ደግሞ ስለ ሃይማኖት ይጠይቁናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ለያይተን በየተራ ልንመለከታቸው አስበናል። ቅደም ተከተሉም ያለ ምክንያት አይደለም። ሥጋ ለጕልበት የግድ አስፈላጊ ከሆነ፥ ስለ ቄራው የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ «ምን ይደረግ?» በሚል ቃል ይዘጋል። የግድ አስፈላጊ ካልሆነ ግን ጥያቄው ክፍት ሆኖ ይቀርና ከሚበላውም ከማይበላውም መልስ ይጠብቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

«ሥጋ ጕልበት ነው» የሚለው አሳብ ከየት መጣ?

በአገራችን ሥጋ ምግብ ብቻ ሳይሆን የክብርና የደስታ ምልክት ነው። ሠርግ ያለ ሰንጋ፥ ፋሲካ ያለ ዶሮና በግ፥ ዒድም ያለ እርድ አይታሰብም። የከበረ እንግዳ ሲመጣ ይታረድለታል። እንዲህ ያለ ምግብ በየቀኑ ስለማይገኝ፥ ሲገኝ ልዩ ኀይል የሚሰጥ መስሎ መታየቱ አያስገርምም። ደግሞም ልኳንዳው ጡንቻውን በዐይናችን ፊት እየቈረጠ ያቀርብልናል፤ ጡንቻ የበላ ጡንቻ ያበቅላል ብሎ ማሰብ ለልብ የቀረበ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ይህ አሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ምእት ዓመት ዝናው የገነነው የጀርመኑ ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ፥ ጡንቻ በሥራ ጊዜ የሚያቃጥለው ራሱን፥ ማለት በውስጡ ያለውን ፕሮቲን ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በዚህ ትምህርት መሠረት ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው የተቃጠለበትን ለመተካት ሥጋን አብዝቶ መብላት ነበረበት። በ1865ም በሊቢሽ ስም የሚጠራ ኩባንያ ተቋቁሞ፥ በኡራጓይ ፍራይ ቤንቶስ በሚባል ስፍራ ከከብት ሥጋ የተጠመቀ ጭማቂ እያዘጋጀ ለአውሮፓ ገበያ ይልክ ጀመር።

በዚያው ዓመት ግን ሁለት ሰዎች ትምህርቱን በእግራቸው ፈተኑት። በዙሪክ ያስተምሩ የነበሩት አዶልፍ ፊክና ዮሐንስ ቪስሊቼኑስ፥ ፋውልሆርን የተባለውን የስዊስ ተራራ ሁለት ሺሕ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጡ። ከጕዞው በፊትና በጕዞው ላይ ይበሉት የነበረው ምግብ ፕሮቲን የሌለው፥ ከስታርች ተጋግሮ በስብ የተጠበሰ ቂጣ ነበር። ሽንታቸውንም እያጠራቀሙ በውስጡ ያለውን ናይትሮጅን ለኩ፤ ናይትሮጅኑ ሰውነታቸው ምን ያህል ፕሮቲን እንዳቃጠለ ይገልጥ ነበርና። ውጤቱም የተቃጠለው ፕሮቲን ሁለቱን ሰዎች ወደ ተራራው ጫፍ ለማድረስ እንደማይበቃ አሳየ። ያወጣቸው በአብዛኛው ስታርቹና ስቡ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል ነው። ፕሮቲን ለሰውነት እንደ ድንጋይና ሲሚንቶ ነው እንጂ የግንበኛው ምሳ አይደለም። ብረት አንሺው በልምምዱ ጊዜ የሚጠቀምበት ጕልበት በተለይ ከእንጀራው፥ ከዳቦው፥ ከድንቹና ከቆሎው የሚመጣ ነው። ይህም በጡንቻው ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ተጠራቅሞ ይቈያል። አንባቢ ይህን ቃል እንዲያስታውሰው እንለምናለን፤ ኋላ ቄራው ውስጥ እንደገና እናገኘዋለንና።

የጥንቱም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። የሮማ ዘመን ግላዲያተሮች «ገብስ በሊታዎች» የሚል ቅጽል ስም ነበራቸው። በኤፌሶን ከተማ የተገኘውን የግላዲያተሮች መቃብር የመረመሩ የኦስትሪያና የስዊስ ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ጥናት፥ አጥንታቸው በአብዛኛው እህልና ጥራጥሬ ይመገቡ እንደ ነበር የሚያመለክት ሆኖ ተገኝቷል።

ጡንቻ ከምን ይገነባል?

ጡንቻ በመብላት ብቻ አያድግም፤ አስቀድሞ በሥራ መጠራት አለበት። ከልማዱ የከበደ ነገር ሲያነሣ የጡንቻው ክሮች ይፈተናሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ሰውነት ክሮቹን ከቀድሞው አጠንክሮና አወፍሮ ይሠራቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ፕሮቲን ነው።

ፕሮቲን ከ20 ዐይነት አሚኖ አሲዶች የተቀጣጠለ ሰንሰለት ነው። ከእነዚህ 9ኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ይኖርበታል። የበላነው ፕሮቲን የጭቅና ቢሆን፥ የምስርም ቢሆን በሆድና በአንጀት ውስጥ ተፈራርሶ ወደ አሚኖ አሲድነት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ደም ይዞት ሲሄድ፥ አንዱ ከበሬ ሌላው ከባቄላ መምጣቱን ጡንቻው አይጠይቅም።

ልዩነት የለም ማለታችን ግን አይደለም። በሥጋ፥ በወተትና በእንቍላል ውስጥ 9ኙ አሚኖ አሲዶች በሚገባ ተመጣጥነው ይገኛሉ። በእህል ውስጥ ላይሲን የተባለው ያንሳል፤ በጥራጥሬ ውስጥ ደግሞ ላይሲን ሞልቶ ሜታዮኒን ያንሳል። እህልና ጥራጥሬ በአንድ ቀን ውስጥ ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል። እናቶቻችን የአሚኖ አሲድን ስም ሳይሰሙ ሽሮንና ምስርን በእንጀራ ማቅረባቸው ለዚህ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። የዕፀዋት ፕሮቲን በሆድ ውስጥ የሚፈጨው ከሥጋው በመጠኑ ባነሰ ደረጃ ስለ ሆነ፥ በመጠን ትንሽ ጨምሮ መብላት ይገባል።

ምን ያህል? ለማንኛውም ጤነኛ ሰው በየቀኑ ለ1 ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ፕሮቲን እንደሚበቃ ይነገራል። ብረት ለሚያነሣ ሰው ግን ከዚህ ይበልጣል። በ2018 ታትሞ የወጣና 49 ጥናቶችን በአንድነት የመረመረ ጽሑፍ፥ በአማካይ ከ1.6 ግራም በላይ የሚበላው ፕሮቲን ለጡንቻ ዕድገት የሚጨምረው ጥቅም እንደማይታይ ገልጧል። በ2021 ደግሞ በብራዚል የተደረገ ጥናት ታትሟል። ከእንስሳ የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይበሉ 19 ወጣቶችና ሁሉን የሚበሉ 19 ወጣቶች ለ12 ሳምንት እግራቸውን በክብደት አለማመዱ፤ ሁለቱም ወገኖች በቀን 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን እንዲያገኙ ተደረገ። በመጨረሻ ሲለኩ በጡንቻቸው መጠንም ሆነ በጕልበታቸው ያገኙት ዕድገት ተመሳሳይ ነበር።

ከጥናት ይልቅ ሰው ማየት ለሚፈልግ አንባቢ ደግሞ ሁለት ስሞች እንጥራ። አንደኛው አሜሪካዊው ቢል ፐርል ነው። በ1930 ተወልዶ በ2022 ያረፈው ይህ ሰው በ1953 ሚስተር አሜሪካና ሚስተር ዩኒቨርስ ተብሏል። በ39 ዓመቱ ገደማ ሥጋ፥ ዶሮና ዓሣ መብላትን ትቶ በእህል፥ በአትክልት፥ በወተትና በእንቍላል መኖር ጀመረ። «አሁንስ አለቀለት» የሚሉት ሳይጠፉ፥ በ1971 በ40 ዓመቱ ለንደን ላይ ተወዳድሮ ሚስተር ዩኒቨርስነትን እንደገና ወሰደ። በዚያ ውድድር ከተሸነፉት መካከል ሰርጂዮ ኦሊቫና ሬጅ ፓርክ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፐርል የቀደመውን ጡንቻውን የገነባው ሥጋ እየበላ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ምስክርነቱ ጡንቻው ያለ ሥጋ ሊጠበቅና ሊሻሻል መቻሉ ነው።

ሁለተኛው ኢራን ውስጥ ከአርመናውያን ተወልዶ በጀርመን ያደገው ፓትሪክ ባቡሚያን ነው። ይህ ሰው ሥጋን የተወው ለእንስሳት ራርቶ ነው። ሥጋ ከተወ ከዓመታት በኋላ በ2011 በጀርመን የጠንካሮች ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት ወተትና እንቍላልንም ተወ። በ2013 ቶሮንቶ ከተማ ላይ ከ500 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ክብደት በትከሻው ተሸክሞ 10 ሜትር ሲራመድ ብዙ ሕዝብ አይቶታል።

በእኛ ገበታ ላይ ሲሰላ

የአሜሪካኑና የጀርመኑ ገበታ ለእኛ ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ ወደ ራሳችን ማዕድ እንመለስ። ክብደቱ 65 ኪሎ የሆነ ተማሪ በቀን 104 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። በደረቁ ሲመዘን 100 ግራም ምስር 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ባቄላ 26፥ ሽምብራ 20፥ ለውዝ 25፥ አኩሪ አተር 36፥ የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል አላቸው። 100 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ደግሞ 21 ወይም 22 ግራም ይኖረዋል። ደረቁ ጥራጥሬ ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ፥ ይህ ንጽጽር ለደረቁ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

እንግዲህ ጠዋት ከ80 ግራም ባቄላ የተሠራ ፉል በ100 ግራም ዳቦ ቢበላ 30 ግራም ያገኛል። ቀን ከ150 ግራም የጤፍ ዱቄት የተጋገረ እንጀራ ከ70 ግራም ምስር ከተሠራ ወጥ ጋር 37 ግራም ይሰጠዋል። ከልምምድ በኋላ አንድ እፍኝ፥ 50 ግራም ያህል ለውዝ 12 ግራም ይጨምርለታል። ማታ ከ100 ግራም ዱቄት የተጋገረ እንጀራና ከ70 ግራም ዱቄት የተሠራ ወፍራም ሽሮ 27 ግራም ይሆናል። ድምሩ 106 ግራም ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ከጾም ገበታችን ጋር የሚያጣላን አንድ ነገር አለ። በብዙ ምግብ ቤቶች የሚቀርበው ሽሮ ብዙ ውኃና ዘይት፥ ጥቂት ዱቄት ነው። ተማሪው ሁለት እንጀራ በቀጭን ሽሮ በልቶ ሆዱ ይሞላል፤ ጡንቻው ግን የሚገነባበትን አያገኝም። ከዚያም ወር ሳይሞላ ሲከሳ ጥፋቱን በጾሙ ወይም በሥጋ ማጣቱ ላይ ይለጥፋል። የጐደለው ግን ሥጋው ሳይሆን የሽሮው ዱቄት ነው። ስለዚህ ሥጋን የሚተው ብረት አንሺ እንጀራውን ሳይሆን ወጡን ማብዛት፥ ጥራጥሬውንም በእያንዳንዱ ማዕድ መቍጠር አለበት። ከውጭ አገር በቆርቆሮ ታሽጎ የሚመጣው የፕሮቲን ዱቄት የግድ አያስፈልግም፤ ምስርና አኩሪ አተር በመርካቶ ሞልቷል።

ሌሎችም ሊታሰብባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ ቫይታሚን ቢ12 በዕፀዋት ውስጥ አይገኝም። ወተትና እንቍላል የሚበላ ሰው ከእነርሱ ያገኘዋል፤ እነርሱንም የተወ ግን ቫይታሚኑ በተጨመረበት ምግብ ወይም በኪኒን መልክ ሊወስደው ይገባል። ይህን የናቀ ሰው ጕዳቱ ወዲያው ሳይሆን ከዓመታት በኋላ በደም ማነስና በነርቭ ሕመም ይታይበታል። ሁለተኛ፥ በዕፀዋት ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ከሥጋው ይልቅ ወደ ደም መግባቱ ዝግ ያለ ነው። ሎሚ፥ ቲማቲምና ቃሪያ ያግዙታል፤ ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ስለዚህ ከምሳ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን ቡና አንድ ሰዓት ያህል ማቈየት ይበጃል። እኅቶቻችን በተለይ ይህን እንዲያስቡበት እንመክራለን። ሦስተኛ፥ ክሪያቲን የተባለው ለፈጣን ጕልበት የሚያገለግል ነገር በሥጋ ውስጥ ይገኛል። ሰውነታችንም ራሱ ይሠራዋል፤ ይሁን እንጂ ሥጋ በማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ውስጥ ያለው መጠን ያነሰ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለጤና ጕድለት አይደለም፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ ያበቃል። ጡንቻ ያለ ሥጋ ይገነባል፤ የሚገነባው ግን ለሚያስብበትና ለሚቈጥር ሰው ነው።

በሬ ካራጁ ይውላል

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አባቶቻችን «በሬ ካራጁ ይውላል» ይላሉ። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ነው፤ ነገር ግን ስለ በሬውም እውነት ነው። ዓመት እስከ ዓመት ሲያርስ የኖረው በሬ ሲደክም ይሸጣል፤ የሰባውም ሰንጋ ከሩቅ አገር በእግሩ ተነድቶ ወይም በጭነት መኪና ተጣብቆ ቆሞ ወደ ከተማ ይገባል። የጕዞው መጨረሻ ቄራው ነው።

ሥጋ ከመተዋችን በፊት ከጥቂት ጓደኞቻችን ጋር ወደ አንድ የከተማ ቄራ ሄደን ነበር። ቦታውን መጥቀስ አያስፈልግም፤ የምንናገረው አንዱን ለመክሰስ አይደለምና። ከብቶቹ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ እየተንሸራተቱ ተራ ይጠብቃሉ። የሚጠጡት ውኃ አልነበረም። ፊት ያለው ሲወድቅ ከኋላ ያለው ያያል፤ የደሙንም ሽታ ያሸታል። ወደፊት አልሄድ ያለው ጅራቱ እየተጠመዘዘ ይገፋል። ከዚያም አንዱ ሠራተኛ ማጅራቱን በስለታም ጩቤ ይወጋዋል፤ ከብቱ ባንዴ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ጕሮሮው ይታረዳል።

ማጅራቱን መውጋት ለተመልካች ምሕረት ይመስላል፤ ከብቱ ወዲያው ወድቆ ዝም ይላልና። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጩቤው የሚቈርጠው ከራስ ቅል ወደ ጀርባ የሚወርደውን ሕብለ ሰረሰር ነው። እግሮቹ ከአንጐል ትእዛዝ ስለማይደርሳቸው ይዝላሉ። አንጐሉ ግን በቦታው ነው፤ ዐይኑ ያያል፥ ያለበትንም ሁኔታ ሊያውቅ ይችላል። ጸጥታው የዕረፍት ሳይሆን የሽባነት ጸጥታ ነው። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በ2005 ባጸደቃቸው የእርድ መመሪያዎች ይህን መንገድ የማይደግፈው በዚሁ ምክንያት ነው።

ያለ መውጋት በቀጥታ ጕሮሮ ማረድስ? እዚህ ላይ በበግና በከብት መካከል ልዩነት አለ። በግ የአንገቱ ዋና የደም ሥሮች ሲቈረጡ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በከብት ግን ከአንገት አጥንት ጋር ወደ ላይ የሚወጡ ሌሎች የደም ሥሮች ቢላዋው ሳይነካቸው ለአንጐሉ ደም መስጠታቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ ራሱን እስኪስት 20 ሴኮንድና ከዚያም በላይ፥ አንዳንዴም ከአንድ ደቂቃ በላይ ሊቈይ ይችላል። የደነዘ ቢላዋና ያልተለማመደ እጅ ሲጨመርበት ጊዜው ይረዝማል።

ስለ ሃይማኖት የሚነሣውንም እንመልከት። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም፥ ሙስሊሙ በአላህ ስም ያርዳል። ይህ ሥርዐት ነፍስ መጥፋቱን እንደ ተራ ነገር አለመቍጠር ነው፤ እኛም እናከብረዋለን። የእስልምና ትምህርት ቢላዋው እንዲሳልና እንስሳው እንዳይንገላታ ማዘዙ የታወቀ ነው። በኒው ዚላንድ ለሙስሊሞች የሚታረዱት በጎች አስቀድሞ በኤሌክትሪክ እንዲደነዝዙ ይደረጋል፤ ይህም ልብን የማያቆምና እንስሳው ካልታረደ ነቅቶ ሊነሣ የሚችልበት ማደንዘዣ ነው። እንግዲህ በሃይማኖትና በርኅራኄ መካከል ያለው በር የተዘጋ አይደለም። የእኛ ነቀፌታ በጸሎቱ ላይ ሳይሆን ከጸሎቱ በፊት ባለው ሰዓት፥ በጥሙ፥ በፍርሀቱና በግርፋቱ ላይ ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ጕዳይ በሕግ የተያዘው ቀስ በቀስ ነው። በአሜሪካ አፕተን ሲንክለር በ1906 ያሳተመው ልብ ወለድ በቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ውስጥ ስላለው ቈሻሻና ስለ ሠራተኞቹ መከራ ሲገልጥ ሕዝቡ ተቈጣ፤ በዚያው ዓመትም የሥጋ ምርመራ ሕግ ወጣ። ሕጉ የተጨነቀው ግን ስለ በላተኛው ሆድ ነበር። ከብቱ ከመታረዱ በፊት ራሱን እንዲስት የሚያዘው ሕግ የወጣው ከ52 ዓመት በኋላ በ1958 ነው፤ በሃይማኖት ሥርዐት የሚታረደውንም ከዚህ ትእዛዝ ነጻ አድርጎታል። ለማደንዘዝ የሚያገለግለው የታወቀው መሣሪያ ግንባር ላይ ተደግኖ የብረት ዘንግ ወደ አንጐል የሚሰድና መልሶ የሚስብ ነው። በ1990ዎቹ ደግሞ ቴምፕል ግራንዲን የተባለችው አሜሪካዊት የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ቄራ በቍጥር የሚመዘንበትን ዘዴ አስፋፋች። ከመቶ ከብት ስንቱ በአንድ ምት ደነዘዘ? ስንቱ ተንሸራቶ ወደቀ? ስንቱ ጮኸ? ብሎ መቍጠር ነው።

ይህ ሁሉ በላተኛውንም ይነካዋል። ቀደም ሲል አንባቢ እንዲያስታውሰው የለመንነው ግላይኮጅን እዚህ ላይ ይመለሳል። የበሬው ጡንቻ እንደ እኛው ጡንቻ ግላይኮጅን ያጠራቅማል። ያረፈና ያልፈራ ከብት ሲታረድ ይህ ግላይኮጅን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች ከ7 ገደማ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል፤ ሥጋው ደማቅ ቀይ ይሆናል፥ ቶሎም አይበላሽም። ሩቅ መንገድ የተነዳ፥ የተራበና ሲሸበር የዋለ ከብት ግን ግላይኮጅኑን ጨርሶ ነው የሚታረደው። አሲዱ ስለሚያንስ ሥጋው ይጠቍራል፥ ይደርቃል፥ ባክቴሪያም ፈጥኖ ይራባበታል። የከብቱ ድካምና ፍርሀት በሥጋው ላይ ይታያል ማለት ነው።

ከዚህ ሌላ የምርመራው ጕዳይ አለ። በአገራችን የሥጋ ምርመራ አዋጅ ቍጥር 274 የወጣው በ1970 ነው። ይሁን እንጂ በየበዓሉ በየግቢውና በየሜዳው በቅርጫ የሚታረደው ሰንጋ ብዙውን ጊዜ ሐኪም ሳያየው መደብ በመደብ ተከፋፍሎ ያልቃል። የኮሶ ትል በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ተሸሽጎ ጥሬ ሥጋ ለሚበላው ሰው ይተላለፋል፤ ለመድኀኒቱ ዛፍና ለትሉ አንድ ስም መስጠታችን ሕመሙ ምን ያህል የቈየ ወዳጃችን እንደ ሆነ ያሳያል። በሳንባና በጕበት ላይ የሚገኘው ውኃ የቋጠረ ዕጢም ለውሻ ሲጣል፥ በውሻው ሆድ ውስጥ ትል ሆኖ እንቍላሉ ወደ ሰው ይመለሳል። አባሰንጋ የያዘውን ከብት ማረድማ ለአራጁም ለበላተኛውም የሞት አደጋ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ሰው በሚራብበት አገር ስለ በሬ መጨነቅ ቅንጦት አይደለም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ ልናልፈው አይገባም። የቦረናው፥ የአፋሩና የሶማሌው አርብቶ አደር ከከብቱና ከግመሉ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የለውም፤ ለእርሱ ሥጋ ተው የምንልበት አፍ የለንም። እኛ የምንናገረው መምረጥ ለሚችለው ለራሳችን ነው። ደግሞም ድኻው የሚበላው ሥጋ አይደለም፤ ሽሮ ነው። ቄራው ሲበላሽም የሚጐዳው በሬው ብቻ አይደለም። ያለ ጓንትና ያለ ቦት ጫማ በደም ውስጥ ቆሞ፥ በፍርሀት ከሚራገጥ ከብት ጋር የሚታገለው ሠራተኛ የመጀመሪያው ተጐጂ ነው። ከብቱን የሚያሳርፍ አሠራር እርሱንም ያሳርፈዋል።

ምን ይደረግ?

ሁሉም ሰው ሥጋ ይተው ብለን አንሰብክም። የምንለው ይህ ነው። ሥጋን ለመተው ያሰበ ብረት አንሺ በፍርሀት አይያዝ፤ ጥራጥሬውን ይቍጠር፥ ቢ12ን አይርሳ፥ ልምምዱንም በጾም ጊዜ አያቋርጥ። ሥጋ የሚበላውም ቢሆን «ለጕልበት የግድ ያስፈልገኛል» በሚል ምክንያት ዐይኑን መጨፈን አይችልም። ምክንያቱ ከወደቀ ኀላፊነቱ ይነሣል። የሐኪም ማኅተም ያለበትን ሥጋ ይጠይቅ። ለበዓል ቅርጫ ሲገባ ከመደብ ተካፋዮቹ ጋር ተባብሮ ለእንስሳት ሐኪሙ የሚከፈለውን ያዋጣ። ከብቱ ከመንገድ እንደ ገባ እንዳይታረድ፥ ውኃ እንዲጠጣና እንዲያድር፥ ሌላው ሲታረድ እንዳያይ፥ ቢላዋውም እንዲሳል ያድርግ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ማደንዘዣ መሣሪያ በየቄራው ማስገባት ግን ገንዘብና ሥልጠና፥ ከሃይማኖት አባቶች ጋርም ምክክር የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ከእኛ ከኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪዎች ዕውቀት በላይ ስለ ሆነ፥ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች የሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በሚቀጥለው እትም እንዲጽፉበት እንጋብዛለን። ክብደቱን ከመሬት ለማንሣት ሰውነታችንን ስናለማምድ፥ የምንበላው ነገር በምን ሁኔታ ወደ ገበታችን እንደ መጣ የመጠየቅንም ልማድ አብረን ብናለማምድ መልካም ይመስለናል።